አሥራ ሦስት ብልት ያላት ዶሮ

ባለፈው እሑድ በጠራራ ፀሐይ ሕልም አየሁ። የቀን ሕልም አይታመንም የምትሉ ካላችሁ አፋችሁን ያዙልኝ። እኔ አስካለ ነኝ፤ ያየሁትን አውቃለሁ።

መጀመሪያ ግን እንዴት እንደተኛሁ ልንገራችሁ። ቀኝ እጄ ከተሰበረ ሦስት ሳምንቱ ነው። የግቢያችን ደረጃ አንሸራትቶኝ ወድቄ እስከ ክርኔ ድረስ ጄሶ ውስጥ ነኝ። በዚህ መሐል የልጄ የትርሲት አማቾች ለመጀመሪያ ጊዜ እኛ ቤት ምሳ ሊበሉ እሑድ ይመጣሉ ተባለ። ለአማች ምሳ ደግሞ ዶሮ ወጥ ካልቀረበ ምኑን ምሳ ሆነ? በሰፈራችን ሠርግ ሲኖር ወጥ ቀምሶ «ደርሷል፣ አልደረሰም» የሚለው ማን ነው? እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ ማንኪያ እንኳ መያዝ አልችልም። ከሆቴል እናስመጣ ብዬ ስልክ ላነሣ ስል ባሌ ሞላልኝ ከበረንዳው ወንበር ተነሣና «እኔ እሠራዋለሁ» አለ።

ሞላልኝ! ሠላሳ አራት ዓመት መንገድ ሲቀይስ የኖረ ሰው ነው። ሽሮ እንኳ አማስሎ አያውቅም። ጡረታ ከወጣ ስምንት ወሩ ሲሆን ስምንቱንም ወር በረንዳ ላይ ተቀምጦ የጎረቤቱን ቆርቆሮ ሲያይ ከርሟል። አይስቅም፣ አይቆጣም፣ ሬዲዮ አይከፍትም። ሐኪም ጋ እንሂድ ስለው «ምን አመመኝና?» ይለኛል። ምን እደብቃችኋለሁ፣ ሰው ሳያየኝ አልቅሻለሁ። በእነዚያ ስምንት ወሮች ማንም ሳይለምነው በራሱ ፈቃድ የተነሣው ለዚህ ወጥ ብቻ ነው።

እኔስ ምን አደረግሁ? መኝታ ቤት አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ስጮህበት አረፈድኩ። መኝታ ቤታችንና ወጥ ቤታችንን የሚለያቸው አንድ ስስ ግድግዳ ነው። መጀመሪያ ዶሮዋን ወረቀት ላይ ስሏት መጣ። መሬት እንደሚያከፋፍል ሰው በእርሳስ ሸንሽኖ፣ ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት ቁጥር ሰጥቷታል። «አይ አንተና ወጥ ቤት!» አልኩት። «ዶሮ በእርሳስ ነው እንዴ የሚገነጠለው?» እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ ሄደ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ፊቱ አመድ መስሎ ተመለሰ።

«አስካለ፣ አሥራ ሦስት ሆነችብኝ።»

ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት ነው። ይኼን ሕፃን ያውቃል። አንዲት ሙሽራ አሥራ አንድ ካደረገችው ወይም አሥራ ሦስት ካደረገችው ልጅ ወልዳ እስክትድር ድረስ ይወራባታል። እኔም ሳቅሁ። አብሬው አይደለም የሳቅሁት፣ እሱ ላይ ነው የሳቅሁበት። «አገሩን በሙሉ ቀይሰህ አንዲት ዶሮ አቃተችህ?» አልኩት። ከዚያ ሽንኩርቱ አረረ አልኩ፣ በርበሬው በዛ አልኩ፣ ውኃ አታብዛ አልኩ። ምኑንም ሳላይ፣ ከሽታውና ከድምፁ ብቻ።

በመጨረሻ የማማሰያው ድምፅ ቆመ።

«በቃ፣ እደፋዋለሁ» አለ ከግድግዳው ማዶ። ቀስ ብሎ ነው ያለው። ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ የበረንዳው ድምፅ ነው። አንዲት ቃል ብናገር ይበቃው ነበር። እኔ ግን «ድፋው! ከሆቴል ይምጣ!» ብዬ የሕመም ማስታገሻዬን ዋጥኩና ለአምስት ደቂቃ ዓይኔን ከደንኩ።

ከዚያ አንድ የቀረኝ ነገር ትዝ አለኝ። ጨውን አልተናገርኩም! ወጥ ቤት ገብቼ ስለ ጨው አንድ ቃል ልናገረው ተነሣሁ። በሩን ብከፍተው ወጥ ቤቱ የለም። ቦታው ላይ የግቢያችን በር ቆሟል፤ ከበሩ ውጭ ደግሞ እስከ አስፋልቱ የደረሰ ሰልፍ አለ። የተሰለፉት የወረዳው ሠራተኞች ናቸው። ሁሉም ከረባት አስረዋል፤ ሁሉም ፋይል ታቅፈዋል፤ ፀሐይ ላባቸውን ታወርደዋለች።

«እትዬ አስካለ፣ ዛሬ እንኳ ያስተናግዱን» አለ ፊት ያለው ወፍራም ሰውዬ። «ከሌሊት ጀምረን ነው የተሰለፍነው።»

«ሲስተም የለም» አልኩት። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም።

«እናመሰግናለን!» አሉ ሁሉም በአንድ ድምፅ፣ እጅ እየነሡ። ዕድሜ ልኬን እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

«ወጥ ቤቴ የት ሄደ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ለምን ጉዳይ ነው?»

«የባሌን ወጥ ልነቅፍ።»

ሰልፉ በሙሉ ጆሮውን ያዘ። አንዷ ፋይሏን ጣለች። ወፍራሙ ሰውዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ፈቃድ አለዎት?» አለኝ። ለካ በዚያ አገር ሰው የሚሠራውን ነገር ለመንቀፍ ፈቃድ ያስፈልጋል። ማመስገን ግን በነፃ ነው፤ በየመንገዱ ቁጭ ብለው የሚያመሰግኑ ሰዎች አሉ። ፈቃዱን የሚሰጡት ዶሮዎች ናቸው ተባልኩና ታክሲ ተሳፈርኩ።

ሚኒባሱን የሚነዳው አህያ ነበር። መነጽር አድርጓል፣ መሪውን በሁለት ሰኮናው ሙጭጭ አድርጎ ይዟል። ጋሪ የሚጎትቱት ሰዎች በጎናችን እየሮጡ ያልፉናል። ተሳፋሪዎቹ በጎች ናቸው፤ የእሑድ ልብሳቸውን ለብሰዋል።

«ዛሬ የመጀመሪያ ቀኑ ነው» አለችኝ አጠገቤ የተቀመጠች ነጠላ የለበሰች በግ። «በርታ በሉት።»

«በርታ! በርታ የኔ ጌታ!» አሉ በጎቹ። ሚኒባሱ ወደ ፊት ሄደ።

አህያው ማርሽ ሲቀይር ጥርስ የሚያንገጫግጭ ድምፅ አወጣ። ዝም ማለት እችላለሁ? «ፍሪሲዮኑን ርገጥ እንጂ! ማን ነው መሪ ያስያዘህ?» አልኩ። ሚኒባሱ ቀጥ አለና ወደ ኋላ መሄድ ጀመረ።

«በርታ!» አሉ በጎቹ። ወደ ፊት ሄድን።

«መብራቱን ጣስክ!» አልኩ። ወደ ኋላ ሄድን።

እንዲህ እንዲህ እያልን አንዲት አደባባይ ላይ ስንት ጊዜ እንደተመላለስን እንጃ። በመጨረሻ ነጠላ የለበሰችው በግ ትዕግሥቷ አለቀ። «እትዬ፣ በፈጠረዎት! የልጄ ክርስትና ላይ መድረስ አለብኝ።» አፈርኩ። አፌን በጄሶው ያዝኩት፤ ወዲያው ደረስን።

የዶሮዎቹ ጽሕፈት ቤት ትልቅ አዳራሽ ነው። ሦስት ዶሮዎች ከፍ ያለ ጠረጴዛ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ከጠረጴዛው ሥር ሰዎች ጥሬ ይለቅማሉ። እኔ ነገሩን ሳላስብበት ፊት ለፊት ቆሜ ጉዳዬን ተናገርኩ።

«የዶሮ ወጥ ልነቅፍ ነው የመጣሁት።»

አንዷ ዶሮ ውኃ ጠየቀች።

«የዶሮ ምን?» አለች መሐል ላይ ያለችው።

«ወጥ።»

«የማን?»

«የባሌ። ማለቴ... ባሌ የሠራው። ዶሮዋማ የሌላ ናት።»

ሦስቱ አንገት ለአንገት ገጥመው ተንሾካሾኩ። ከዚያ የመሐሏ ብድግ አለች። «ሕጉ አንድ ነው» አለች። «የሰውን ሙከራ መንቀፍ የሚፈልግ ሰው፣ በዕድሜው ሞክሮ የማያውቀውን አንድ ነገር በሕዝብ ፊት ይሞክራል። ከዚያ በኋላ እንደፈለገ ይንቀፍ። አንቺ እንቁላል ትጥያለሽ።»

«ምን አደርጋለሁ?»

«እንቁላል ጣይ።»

ልትከራከሩ ትችላላችሁ፤ እኔም ልከራከር ነበር። ግን አዳራሹ በአንዴ ስታዲየም ሆነ። መሐሉ ላይ ጭድ ተጎዝጉዟል፤ እኔም ጭዱ ላይ በጄሶ እጄ ቁጢጥ ብያለሁ። ዙሪያውን እስከ ጣሪያው ድረስ ዶሮዎች፣ ዶሮዎች፣ ዶሮዎች። የወረዳው ሰዎችም በሰልፍ ገቡ። አህያውም መጥቷል።

ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው። ልሞክር ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ። ወዲያው ከላይ አንድ ድምፅ መጣ።

«አይ አንቺና እንቁላል!»

ይኼን ቃል የት ነው የሰማሁት? አልኩ በልቤ።

«ወገቧን አታቀናም እንዴ? እንዲህ ነው የሚቀመጡት?»

«ስልሳ ዓመት ሙሉ እንቁላል ስትበላ ኖራ አንዲት መጣል አቃታት!»

ስታዲየሙ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ደግሞ ከእያንዳንዱ ቃል በኋላ አነስ እያልኩ ሄድኩ። መጀመሪያ ጫማዬ ሰፋኝ። ከዚያ ጄሶው ከእጄ ላይ ወለቀ። ከዚያ አንዷ የጭድ ዘለላ ከአንገቴ በላይ ሆነች። ሆዴ ውስጥ ያለው ነገር ድንጋይ ሆኖ ደርቋል።

«ተይው በቃ!» አለ የመጨረሻው ድምፅ። «ከሱቅ ይምጣ!»

ያን ጊዜ አለቀስኩ። እዚያው ጭድ ውስጥ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። መነሣትም፣ መሄድም፣ ዳግመኛ ምንም ነገር መሞከርም አላሰኘኝም። አንድ በረንዳ ቢኖርና ተቀምጬ ቆርቆሮ ባይ ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ አንዲት ዶሮ ከወንበሮቹ መሐል ወርዳ በሜዳው ላይ ቀስ እያለች መጣች። ሰውነቷ ላይ በእርሳስ መስመር ተሰምሯል፤ በየክፍሉ ቁጥር ተጽፏል። ክንፎቿ ላይ ሦስትና አራት፣ ፈረሰኛዋ ላይ አንድ። ከጭራዋ ከፍ ብሎ በችኮላ የተጻፈ አሥራ ሦስት አለ።

«አይዞሽ» አለችኝ።

«አንቺ የእኛ ቤት ዶሮ አይደለሽም እንዴ? ታርደሽ የለም?»

«እሱን ተይውና እንቁላሉ ላይ አተኩሪ» አለችና አጠገቤ ጭዱ ላይ ተቀመጠች። «ባልሽ ሲገነጥለኝ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ‹ይቅርታ አድርጊልኝ፣ የመጀመሪያዬ ነው› አለኝ። አይዞህ ልለው ፈልጌ ነበር፤ ግን ጭንቅላቴ ሌላ ሳህን ላይ ነበር። አንቺ ግን ከነጭንቅላትሽ፣ ከነአፍሽ፣ እዚያው ግድግዳው ማዶ ነበርሽ።»

ዝም አልኩ። እኔ ዝም ስል ያየ ሰው ካለ ይህችን ዶሮ ይጠይቅ።

«በይ አሁን አንዴ ሞክሪ» አለችኝ። «ብትጥይም ባትጥይም እኔ እዚሁ ነኝ፤ የትም አልሄድ።»

ሞከርኩ። ከነገረችኝ ውስጥ አንድም የአጣጣል ዘዴ አልነበረም፤ እንዲህ አድርጊ፣ እንዲያ አታድርጊ አላለችም። አጠገቤ ቁጭ ብላ «ጎበዝ፣ ጎበዝ የኔ እመቤት» ብቻ ነው ያለችው። ጉልበቴ ተመለሰ። ጄሶዬ እጄን አገኘው። ጫማዬ ልክ ሆነኝ። አንዴ አማጥኩ፣ ሁለቴ አማጥኩ፣ በሦስተኛው አንድ ነገር ጭዱ ላይ ዱብ አለ።

ዞሬ አየሁት። አራት ማዕዘን ነው። እንደ ልብስ ሳሙና ጠፍጣፋ፣ ማዕዘን ማዕዘን ያለው እንቁላል።

አሁን ይስቁብኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ባለቁጥሯ ዶሮ ግን እንቁላሌን ብድግ አድርጋ ለሕዝቡ አሳየችና «ማዕዘኖቹን ተመልከቱ! እንዴት ቀጥ ያሉ ናቸው!» አለች። በጎቹ እልል አሉ። አህያው ክላክስ ነፋ። የወረዳው ሰዎች ፋይላቸውን ወደ ሰማይ በተኑ። እኔ ሦስት ኪሎ ተኩል ልጅ የወለድኩ ሴት ነኝ፤ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በዚያች ሳሙና በመሰለች እንቁላል የኮራሁትን ያህል ኮርቼ አላውቅም።

የመሐሏ ዶሮ አንድ ወረቀት ላይ በእግሯ ማኅተም መትታ ሰጠችኝ። «ይኸው ፈቃድሽ። የፈለግሽውን ንቀፊ።»

ፈቃዴን በአንድ እጄ፣ እንቁላሌን በሌላው ይዤ ወደ አህያው ሚኒባስ ሮጥኩ። «በርታ!» አልኩት ገና ሳልቀመጥ። ወዮ! ሚኒባሱ መሬት አልነካም። መጣስ የሚገባውን መብራትም የማይገባውንም ጥሶ ወጥ ቤቴ በር ላይ አወረደኝ።

ሞላልኝ አንድ ፎቅ የሚያክል ድስት ፊት ቆሟል። የቅየሳ መሣሪያውን ባለሦስት እግር ማቆሚያ መሰላል አድርጎ፣ ጫፉ ላይ ወጥቶ፣ በአካፋ ያማስላል። አንሷል። እኔ ጭዱ ውስጥ ያነስኩትን ያህል ነው ያነሰው። ዞሮ አየኝ።

«አስካለ፣ ምን ልትዪኝ ነው?» አለ።

ፈቃዴን ቀድጄ እሳቱ ውስጥ ጨመርኩት። አፌን ከፈትኩ። ልለው የፈለግሁትን አውቀዋለሁ፤ አንዲት ቃል ናት፣ ምላሴ ላይ ናት።

«ቋ!» አልኩ።

«ምን?»

«ቋ! ቋ ቋ!»

ቃሏ እምቢ አለች። እሱ አንገቱን ደፋ። «ገብቶኛል» አለና የድስቱን ጆሮ ያዘ። ሊደፋው ነው። ያንን ሁሉ ወጥ፣ እኔ ቆሜ እያየሁ ሊደፋው ነው። ሮጥኩ፣ እግሬ አይንቀሳቀስም፤ ጮህኩ፣ ቋ ብቻ ነው የሚወጣኝ። ድስቱ ዘመም ሲል፣ ሲል...

«ቋቋቋቋ!» ብዬ አልጋዬ ላይ ቁጭ አልኩ።

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየሁ፤ አሥር ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ይቀረዋል። አምስት ሰዓት ያህል ተኝቻለሁ! ከግድግዳው ማዶ ድምፅ የለም። በባዶ እግሬ ወጥ ቤት ገባሁ። ድስቱ ታጥቦ፣ ተደፍቶ፣ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል።

ደፋው። ደፍቶታል። በረንዳው ታየኝ፣ ወንበሩ ታየኝ፣ የጎረቤቱ ቆርቆሮ ታየኝ። በረንዳውን ለማየት ድፍረት አጥቼ ወደ ሳሎን ሄድኩ። ሞላልኝ ጠረጴዛው ላይ ብቻውን ተቀምጧል። ሽርጤን ለብሷል፤ ጆሮው ላይ እርሳስ ሰክቷል።

«ደፋኸው?» አልኩት።

«ምኑን?»

«ወጡን ነዋ!»

«በሉት እኮ» አለ። «ድምፅሽ ሲጠፋ መልሼ ማማሰል ጀመርኩ። መጡ፣ በሉ፣ አሁን ትንሽ ቀደም ብለው ሄዱ፤ ትርሲት እየሸኘቻቸው ነው። እናትየዋ ሁለቴ ጨምራለች።»

ለመጀመሪያ ጊዜ የመጡ አማቾች፣ እኔ የሙሽራዋ እናት፣ ከግድግዳው ማዶ እያንኮራፋሁ! «ለምን አልቀሰቀሳችሁኝም?»

«ትርሲት ልትቀሰቅስሽ ነበር። እኔ ነኝ ተያት ያልኳት። መድኃኒት ወስዳ ነው አልናቸው።»

«ለምን?»

ሞላልኝ እጆቹን አየ። ሽንኩርት የቆረጠበት ጣቱ ላይ ፕላስተር ለጥፏል። «እየበሉ ነበር» አለ። «ደስ ብሏቸው እየበሉ ነበር። ፈራሁ።»

«ምን ፈራህ?»

«አንቺን።»

ወንበር ስቤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። እሱ ብድግ ብሎ ክዳን የተገጠመባት አንዲት ትንሽ ሳህን አመጣና ፊቴ አስቀመጠ። ከፈትኩት። መላላጫ አይሉት ታፋ፣ ጭራ አይሉት ጀርባ፣ ስም የሌላት አንዲት ብልት ወጥ ውስጥ ተቀምጣለች። አጠገቧ ሲላጥ የተቦጫጨቀ እንቁላል አለ። ማዕዘን ማዕዘን ሠርቷል።

በግራ እጄ ጎረስኩ። እሱ ቆሞ ያየኛል።

ጨዉ በዝቷል። ሽንኩርቱ አልሟሟም። በርበሬው ሳይቁላላ ነው ውኃ የገባበት። ቅመሙ ዘግይቷል። ዶሮዋ የታጠበችበት ሎሚ በደንብ አልለቀቀም። አምስት ስሕተት ቆጠርኩ፤ አምስቱም ምላሴ ጫፍ ላይ መጥተው ተሰለፉ። ቀና ብዬ ሳየው እጁ ይንቀጠቀጣል። አምስቱንም ከጉርሻው ጋር ዋጥኳቸው።

«ጨምርልኝ» አልኩት።

ሞላልኝ ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ የሚያለቅስ መስሎኝ ደንግጬ ነበር። እየሳቀ ነው! ስምንት ወር ሙሉ ያልሳቀው ሰውዬ ጠረጴዛውን ተደግፎ ይስቃል።

«ምን እጨምርልሻለሁ?» አለ ዓይኑን እየጠረገ። «አለቀ እኮ። አሥራ ሁለቱን አንድም ሳያስቀሩ ጨረሱት። የቀረችው ይቺ ትርፏ ናት።»

ከሽርጡ ኪስ ያንን የዶሮ ሥዕል አወጣና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። እርሳሱን ከጆሮው ላይ አንሥቶ ጫፉን ላስ አደረገ። «ስሕተቱን አግኝቼዋለሁ» አለኝ። «ጀርባዋ ላይ ነው፤ አንድ መስመር በትርፍ አስምሬያለሁ። ለሚቀጥለው አጠፋዋለሁና ልክ አሥራ ሁለት ትወጣለች።»

«እንዳትነካት!» አልኩት እርሳሱን ከእጁ ቀምቼ። «አሥራ ሦስት ትሁን። አንተ ስትሠራ እኔም እተኛለሁ።»